ፍሬው ያላቆመው ቃለ መጠይቅ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም። አዘዞ ስላደግሁ የዛሩንም የቡዳውንም ወሬ ጠግቤዋለሁ፣ ሰምቼ መሳቅ ነበር ልማዴ፣ ሥራዬም ቢሆን ከመንፈስ ጋር የሚያገናኝ አልነበረም፣ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ መመረቂያ የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፋቸው እንዳይጠፋባቸው አግዛቸዋለሁ። አንዱ መጥቶ «ፋይሌን ሰይጣን ወሰደው» ሲለኝ፣ ፋይል የሚጠፋው መብራት ሲሄድ ነው፣ ቫይረስ ሲገባ ነው፣ ወይ አንተው ራስህ ስትደመስሰው ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። አሁን እንዲህ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ፍሬው ጓደኛዬ ነበር። የቁስቋም ልጅ ነው፣ አባቱ የኔታ ጥበቡ የአቋቋም መምህር ናቸው፣ ከደጋ ከአንድ አረጋዊ የተቀበሉት፣ ሌላ ሰው እጅ የሌለ ዜማ አላቸው ይባላል። ፍሬው የዶክትሬት ጥናቱን የሚሠራው እንዲህ ባሉ መምህራን ላይ ነበር፣ በቅሎ እየተከራየ በየገደሉ እየዞረ ድምፃቸውን ይቀዳል፣ የቀዳውን እኔ ያስተማርኩት ፕሮግራም ውስጥ ያስገባል። ፕሮግራሙ ቀላል ነገር ነው፣ ያነበብከውን መጽሐፍና ያነጋገርከውን ሰው ስምና ቀን ስትሰጠው በጽሑፍህ መጨረሻ ላይ ምንጮቹን ራሱ ይደረድርልሃል። የገዛ አባቱን ግን አልቀዳም። ምነው ስለው፣ «አባባ ቤት ናቸው፣ የትም አይሄዱም፣ በመጨረሻ» ይለኝ ነበር። ከአዲአርቃይ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባ። ቁስቋም ቀበርነው።

ከአርባው በኋላ እህቱ አለምነሽ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ፣ ጥግ ጥጉ ተሰነጣጥቋል እንጂ ይሠራል። ጽሑፉ ተጠናቆ ከቀረበ ኮሌጁ ማዕረጉን በስሙ ለቤተሰቡ እንደሚሰጥ ተነግሯታል። እሷን ያስጨነቃት ግን ማዕረጉ አልነበረም። አባቷ መርሳት ጀምረዋል፣ ተማሪ ፊት የዜማው ቀለም እየጠፋባቸው ነው፣ እባክሽ ሳይመሽ እሳቸውንም ቅጂልን አለችኝ። ሄጄ ለመንኳቸው። የኔታ በትሕትና መለሱኝ፣ ለፍሬው ቃል ገብቻለሁ፣ እሱ ራሱ ሳይመጣ ለሌላ አልሰጥም አሉ። መሞቱን ረስተው ይሁን አውቀው እስከዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ ያለውን ልጨርስ ብዬ ጽሑፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምንጮቹን ሳስተካክል አንድ የማይገባኝ ነገር አየሁ። ፍሬው በገዛ እጁ፣ ጃናሞራ ያሉትን አንድ መምህር ፍለጋ ሄጄ ተቀብረው ደረስኩ ብሎ ጽፏል፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን እኚሁ ሰው ቃለ መጠይቅ ሰጡ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጠያቂው ፍሬው፣ ቀኑም እሱን ከቀበርነው በኋላ። የላፕቶፑ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ደመሰስኩት። በማግስቱ ስከፍተው ተመልሷል፣ ከሥሩም የሌላ ሟች መምህር ስም ተጨምሯል። የሆነ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ እየጻፈ ነው እንዳልል፣ ያን ክረምት ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ እመኑኝ፣ መልእክት እንኳ አይሄድም ነበር።

የዚያን ለት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት ማዳመጫ ኮሽታ ሰማሁ። ዝናቡ ነው አልኩ። ደግሞ ሰማሁ፣ ዘንግ መሬት ሲመታ፣ አረፍ ሲል፣ ሲመታ። ማዳመጫውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፣ የሚጫወት ፋይል አልከፈትኩም፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። መቋሚያ ነው የሚመታው። ከዚያ ፍሬው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሲቀዳ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎም፦

«እሺ የኔታ፣ ይቀጥሉ» አለ።

ስክሪኑ ላይ መስመር ይጻፍ ነበር፣ ፊደል በፊደል፣ እጄ ጭኔ ላይ ነው። የኔታ ጥበቡ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ቁስቋም። ቀኑ የዕለቱ ነበር።

ከፍሬው ቀብር በኋላ ስማቸው የገባው ሁሉ የሞቱ ነበሩ። ይህን ሳስብ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ፣ ባጃጅ ይዤ ሽቅብ ወደ ቁስቋም፣ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ለቅሶ እሰማለሁ ብዬ ነበር። አለምነሽ በረንዳው ላይ እህል ትለቅማለች። አባትሽስ ብላት፣ ደህና ናቸው፣ ዛሬማ ሸጋ ውለዋል፣ ከቀትር ጀምሮ ብቻቸውን ሲያዜሙ ነበር፣ እንዲህ ሲያዜሙ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል አለችኝ። ደስ ብሏታል።

የኔታ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው በርጩማ ላይ የበግ ለምድ ተነጥፏል፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያነጥፉት።

«ፍሬው ቁጭ ብሎ ሲጠይቀኝ ዋለ» አሉኝ። «የቀረችኝን ሁሉ ሰጠሁት። አሁን ሄደ።»

ምን ጠየቀዎት አልኳቸው። መናገር ፈለጉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ አልመጣላቸውም። አለምነሽ ከበሩ ቆማ፣ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን የመጀመሪያውን ዜማ ጀመረችላቸው፣ ለተማሪ ሁሉ ሲያስጀምሩት የኖሩትን። እንደማያውቁት አገር ቋንቋ ሰሟት።

«እሱ ዘንድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ከእኔ ዘንድ ምንም የለም። እሱን ጠይቂው።»

ተመልሼ ላፕቶፑን አየሁት። መዝገቡ አለ፣ የድምፅ ፋይሉም አለ፣ ስትከፍተው ግን ዝም ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝም። የሌሎቹንም፣ ፍሬው በሕይወቱ የቀዳቸውን ከፈትኩ፣ እነሱም ዝም ብለዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያስቀመጥኩት ቅጂም፣ በፍላሽ ያስቀመጥኩትም እንዲሁ። ከእኔ የሚበልጡ ባለሙያዎች አዩት፣ ፋይሎቹ ጤነኛ ናቸው፣ ድምፅ ግን የለባቸውም አሉ። ጽሑፉ ያለ ማስረጃ አይቀርብም ተባለ፣ ቀረ። አለምነሽ ተስፋ እንዳትቆርጥ ብዬ እየሞከርኩ ነው እላታለሁ፣ የምሞክረው ነገር ግን የለኝም።

የኔታ አልሞቱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሰውም ያውቃሉ። ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ተበትነዋል። በኅዳር ለቁስቋም በዓል ሄጄ ነበር፣ ለክብራቸው ብለው መቋሚያና ጸናጽል አስይዘው ከመምህራኑ መሃል አቆሟቸው። ተራቸው ሲደርስ ማኅሌቱ ጋብ አለ፣ ሁሉም ጠበቃቸው። እሳቸው ጸናጽሉን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፣ ወደ እኔ መሰለኝ እንጂ ዓይናቸው እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለ ሰው ላይ አረፈ፣ አባት ልጁን «በል፣ አንተ ጀምር» እንደሚለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞሬ አላየሁም።