የአባባ ትራክተር ሞተር ለምን ሞቀ?

የአንድ እናት ልጆች በአሮጌ ትራክተር ሲለያዩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያውስ ስሙኝ። ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ከላይ አክሊል፣ ከታች ታላቅ ወንድሙ መዝገቡ ይኖራሉ። አባታቸው ሱሉልታ ሲያርስበት የኖረውን ትራክተር ሲሞት ለታናሹ ተወለት። ለታናሹ! መዝገቡ በአርባው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም” አለ። ይኸው ሰባት ዓመቱ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው “ይማርህ” ብሎት አያውቅም።

ግን ምን ያደርጋል... አክሊል በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያንን ትራክተር ያስነሳዋል። ድምፁ ሰፈሩን ያናውጠዋል። መዝገቡ “ደግሞ ጀመረ ይሄ ጉደኛ” እያለ ይራገማል፤ ድምፁን ሳይሰማ ግን ቁርሱን አይነካም። ሰኞ ዕለት ክፉ ወሬ መጣ። አክሊል ትራክተሩን ሊሸጠው ነው፤ ብረት ገዢዎች ቅዳሜ መጥተው ቆራርጠው ይወስዱታል። አባባ የጨበጠው መሪ፣ አባባ የተቀመጠበት ወንበር በመጋዝ? ይሄንንስ ለማየት ማን አንጀት አለው? መዝገቡ እንቅልፍ አጣ። ሐሙስ ጠዋት የክት ኮቱን ለበሰና ሚስቱን ወለተማርያምን፣ “ተነሺ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ ሄጄ አየዋለሁ። ካልረባ አልገዛም” አላት። እሷ ባትሄድ ከወንድሙ ጋር ማን ያነጋግረው ነበር?

ወንድማማቾቹ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሙ፤ ወለተማርያም መሃል ገባች።

“ዘይት ያፈሳል በይው።”

“ዘይት ያፈሳል ይልሃል።”

“አባባም እያለ ያፈስ ነበር በይልኝ፣ እትዬ።”

“ሰምተሃል” አለችው ባሏን።

መዝገቡ የተሰነጣጠቀውን ጎማ በጫማው መታ መታ አደረገ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ዘይቱን በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተው። መሪውን ግራ ቀኝ አወዛወዘ። ትራክተሩ ባትሪ የለውም፤ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ በድንጋይ ታግዶ ነው የቆመው፤ የሚነሳው ቁልቁል ተንደርድሮ ነው። ይሄን ግን እንደ ጉድለት አልቆጠረበትም። ቀጨኔ ተወልዶ ላደገ ሰው ቁልቁለት እያለ ባትሪ ምን ያደርግለታል? በመጨረሻ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈና ፊቱ ተለዋወጠ።

“ሞቋል። ሞተር የሚፈተሸው ቀዝቅዞ ነው። ጉድለቱን ሊደብቅ አሙቆታል። አታላይ በይው።”

ወለተማርያም ይሄንን አላስተላለፈችም። “አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ሲነሳ ሰምተህ አይደል ቁርስህን የበላኸው? ወንድምህን ጉንፋን ይዞት ያረፈደ ቀንስ፣ ሦስት ጊዜ በር ላይ ወጥቶ ሽቅብ ያየው ማን ነበር?”

መዝገቡ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አክሊል ግን አንገቱን ደፋ፤ ከሰባት ዓመት በኋላም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተናገረው።

“ጋሼ... ለእርሻ የማስነሳው መስሎህ ነው? ከአባባ በኋላ አንድ ትልም አላረስኩበትም። መኖሬን እንድታውቅ ብዬ ነው። አሁን ጉልበቴ የፍሪሲዮኑን ፔዳል መርገጥ አቃተው፤ በሁለት እጄ ጉልበቴን ቁልቁል እየተጫንኩ ነው የማስነሳው። አንድ ቀን ድምፁ ሲጠፋብህ ሞተ ብለህ እንዳትደነግጥ... ተሸጠ ይባል ብዬ ነው።”

ኧረ የወንድም አንጀት! መዝገቡ ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ፍሪሲዮኑን እኔ እረግጥልሃለሁ” አለ በመጨረሻ።

ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ፤ አንዱ መሪ ያዘ፣ አንዱ ፍሪሲዮን ረገጠ። ወለተማርያም እያማተበች ድንጋዩን አነሳች። ትራክተሩ ቁልቁል ተንደረደረ፤ መዝገቡ እግሩን ሲለቅ ሞተሩ አጓራ። እስከ መዝገቡ ደጃፍ ድረስ እሰየው ነበር። እዚያ ሲደርሱ አክሊል ፍሬን ያዘ፤ መዝገቡ ግን እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ ፍሪሲዮን መርገጡን ረሳው። ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ። ደጃፉ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ተንደርድሮ የሚነሳበት ቁልቁለት የለም።

“ባትሪ የለውም እኮ” አለ መዝገቡ።

“መጀመሪያ ማየት የነበረብህ እሱን ነበር፣ ጋሼ።”

ቅዳሜ ብረት ገዢዎቹ ሲመጡ ሁለቱ ወንድማማቾች ትራክተሩ ላይ ወጥተው ቁርስ እየበሉ አገኟቸው። ውረዱ ቢሏቸው አንወርድም አሉ። ገዢዎቹም መጋዛቸውን ይዘው ተመለሱ።

ዕጣ ፈንታ እንዲህ ናት፤ ሰባት ዓመት የነፈገችውን በአንድ የተረሳ ፍሪሲዮን ትመልሳለች። ትራክተሩ ያን ቀን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ድምፁም ዳግም አልተሰማም። አሁን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ወንድሙ ደጅ ቁልቁል ሲወርድ የሚሰማው የአክሊል ከዘራ ነው። መዝገቡ እሱን ሳይሰማ ቁርሱን አይነካም።