ዋስትና የሌለው ስልክ

የስልክ መሸጫው የባንኮኒ ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍታ መብራቱን ስታበራ፣ የዋስትና ኃላፊው ቢሮ በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። «ዛሬም ቀድሞኝ ገባ!» ብላ ተማረረች። ኃላፊው ግን ቀድሟት አልገባም፤ ማታውኑ አልወጣም ነበር። በጠረጴዛውና በብረት ቁም ሣጥኑ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ደርቋል። የቁም ሣጥኑ ማዕዘን ደም አለበት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ስልክ ተቀምጧል።

ከጠረጴዛው በላይ፣ ሟቹ በገዛ እጁ የለጠፈው ማስታወቂያ አለ፦ «ተጨማሪ ዋስትና የሚሸጠው ስልኩ በተገዛ በሠላሳ ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ዋስትና የሌለው ስልክ ለጥገና አንቀበልም።» ከሁለት ወር በፊት ግን ሰው ስልኩን በገዛ በዓመቱ ውስጥ በፈለገው ቀን መጥቶ ዋስትናውን መግዛት ይችል ነበር። ደንቡ ባንድ ጠዋት ተለወጠ፤ በድሮው ቃል ተማምነው ስልክ የገዙትንም አብሮ ጠራርጎ ወሰዳቸው። ደንቡን ያወጣው አስመጪው ድርጅት ቢሆንም ስድቡን የሚጠጣው ይህ ሰው ነበር። ደንበኞች ስሙን ትተው «ሠላሳ ቀን» ይሉታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እሱም «እባክህ» የሚለውን ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የሚጠላ ሰው አልነበረም።

ፖሊስ ገዳዩን ለመያዝ ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ቢያንስ የጣቢያው አዛዥ እንደዚያ መስሎታል። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ስልክ የአንድ ጡረተኛ አናጺ ነው። አናጺው ትናንት ሱቁ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት በሟቹ ላይ ዝተዋል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሰው የተዘጋውን በር በቡጢ ሲደበድቡ የጎረቤቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ አይታቸዋለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባቸዋለሁ» አለ አዛዡ፣ ለመርማሪዋ መዝገቡን እያቀበላት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይማ» ይሏታል። ጥያቄ ስትጀምር ይህችን ቃል ሳትል አታልፍም። እሷም በበኩሏ ስልኳ ከተገዛ በሠላሳ አራተኛው ቀን ዋስትና ልትገዛ ሄዳ፣ ያው ሟቹ ወደ ማስታወቂያው ጠቁሟት ተመልሳለች። ስንጥቅጥቅ ያለ ስክሪን ይዛ የምትዞረው ለዚህ ነው። ይህን ለአዛዡ አልነገረችውም፤ ተጠርጣሪ ማብዛት አልፈለገችም።

አናጺውን በጣቢያው አግዳሚ ላይ አገኘቻቸው። ትልልቅ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሬት መሬት ያያሉ።

«ቆይማ አባባ፣ ትናንት ምን ብለውት ነበር?»

«ምን ያላልኩት አለ ልጄ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ‹አንተም ቀንህ ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀበልህ ታጣለህ› አልኩት።»

«ዋስትናውን በጊዜው ለምን አልገዙም?»

«ስገዛ የባንኮኒዋ ልጅ ‹አይቸኩሉ አባባ፣ ዓመት ሙሉ ጊዜ አለዎት› አለችኝ። ከዚያ ባለቤቴ ታመመች። ሁለት ወር ሆስፒታል ከአልጋዋ ሥር ነበርኩ። እሷን ቀብሬ ስመጣ ‹ቀኑ አልፏል› አሉኝ። በሳምንቱ ስልኩ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞተ።»

«ስልክ ነው፤ ሌላ ይገዛል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «እሷ እኮ እዚያ ውስጥ አለች። ማታ ማታ ‹ቤት ሄደህ እረፍ› ትለኝና የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር። ‹መድኃኒትህን ዋጥክ? በሩን ቆለፍክ?› እያለች። አሥራ አንድ ናቸው። ጠዋት አንዷን ሰምቼ ነው ከአልጋ የምወርደው።» እንደገና መሬት መሬት አዩ። «ትናንት በንዴት ባንኮኒው ላይ ወርውሬው ወጣሁ። ቤት ስደርስ እሷን ጥያት እንደመጣሁ ገባኝ። ተመልሼ በሩን ደበደብኩ፤ ውስጥ መብራት አለ፤ ለመንኩ። ማንም አልከፈተልኝም።»

ቆይማ አዘነች፤ ማዘኗንም አልደበቀችም።

«ቆይማ፣ ሲም ካርዱን ከስልኩ አውጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ ሚስማር እንጂ ሲም አላወጣም ልጄ። የት እንደሚገባም አላውቅ።»

ሱቁ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። ሐኪሙ የተወላት ማስታወሻ አጭር ነበር፤ ሰውየው ተገፍትሮ ጭንቅላቱ ከብረቱ ጋር ተጋጭቷል፤ ከተመታ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል። ቆይማ የመጨረሻዋን ሐረግ ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ የእጅ ጓንት አጥልቃ የአናጺውን ስልክ አነሳች። ጀርባው ላይ፣ ከላይ በግራ ማዕዘን፣ ሲም ካርዱ በቀጭን ስኮች ተለጥፏል።

«ሽማግሌው እንዳይጠፋባቸው የለጠፉት መሰለኝ» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ።

ቆይማ ጀርባዋን አዙራ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ለአፍታ ቆመች። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሱቁ ቁልፍ ያላቸው፣ ሟቹን ሳይጨምር፣ ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የባንኮኒ ሠራተኛዋን ጠራቻት።

«ስልኩን ወርውረው ሲወጡ ምን አደረግሽው?»

«የተረሳ ዕቃ የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያው አይቆለፍም። በአሥራ አንድ ተኩል ሱቁን ዘግተን ወጣን፤ እሱ ብቻ ሪፖርት ልጻፍ ብሎ ቀረ።»

«ትጠይው ነበር?»

«ውሸት አልናገርም፤ እጠላው ነበር። ዓመት አላችሁ ብዬ የሸጥኩላቸው ሰዎች ሌባ ብለው የሚሰድቡት እኔን ነው። አንዷ ትናንት ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ነው ስለ ዋስትና የምትነግሪኝ?› ብላ ወረቀቱን ፊቴ ላይ በተነችው።»

ቆይማ የራሷን ስንጥቅጥቅ ስልክ አውጥታ ሰጠቻት። «ለጥገና እንደመጣ አድርገሽ ተቀበይኝ እስቲ።»

ልጅቷ ግራ እየገባት ቅጽ ሞላች፤ ቅጹን ስልኩ ላይ ጠቅልላ በላስቲክ አሰረችው።

«ሲሙስ?»

«እሱን አልነካም። ጥፍሬ ይሰበራል።»

ቀጥሎ ባለሱቁ መጣ። ሟቹ የሚስቱ ወንድም ነው። ጠጉሩን እያሻሸ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ደንበኛ እየሸሸብኝ ነበር፤ ላሰናብተው ፈልጌ ሚስቴ ‹ወንድሜን ከነካህ› አለችኝ። ማታ ቤት ነበርኩ። ምስክሬ እሷው ናት፤ ምስክርነቷ ከተቆጠረልኝ።»

«እርስዎ ጥገና ይችላሉ ይባላል።»

«ይህን ሱቅ ሳልከፍት አሥራ አምስት ዓመት ጠግኛለሁ።» የቆይማን ስልክ ተቀበለና በቀጭን ሽቦ ሲሙን አወጣ። ትንሽ ፖስታ ውስጥ ከትቶ «የማን ልበል?» ብሎ ስም ሊጽፍበት እስክሪብቶ ፈለገ።

የመጨረሻው ጠጋኙ ነበር። በእጁ ቅልጥፍና «መርፌ» ይሉታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ብሎኖቹ እንደ መጠናቸው ተደርድረዋል።

«በአሥራ አንድ ተኩል ከሁሉም ጋር ወጣሁ» አለ። «ቤቴ ብቻዬን ነኝ።»

«የአናጺውን ስልክ አይተኸው ነበር?»

«ሲጮሁ ሰማሁ እንጂ ስልኩን አላየሁትም። ዋስትና የሌለውን አንነካም።»

«አሳዘኑህ?»

«ማንን አያሳዝኑም?» አለ ዝቅ ብሎ። በዚህ መካከል ሲሙን መልሳ ከታ የሰጠችውን የራሷን ስልክ ተቀብሎ፣ ሲሙን አውጥቶ፣ ስኮች ቀዶ ጀርባው ላይ ለጥፎ ጨርሷል። ዓይኑ ወደ እጁ አልሄደም።

ቆይማ አመሰገነችው። ስልኳን ግን ዳርና ዳሩን ብቻ ይዛ ነው የተቀበለችው። ለብቻዋ ስትሆን እሱንም በከረጢት አሸገችውና ሁለቱን ስልኮች ወደ አሻራ ክፍል ላከቻቸው። የሌሎቹንም አሻራ አስነስታ አስከተለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። አናጺው እጃቸው በካቴና ታስሮ መጡ። አዛዡ ሰዓቱን አየ።

«አጭር አድርጊው። ፍርድ ቤቱ አይጠብቀኝም።»

«ቆይማ» አለች። የአናጺውን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ይህ ስልክ ትናንት እንዴት ነበር?»

«ሞቶ ነበር» አለች የባንኮኒ ሠራተኛዋ። «እኔ ራሴ ቻርጀር ሰክቼ ሞክሬዋለሁ።» ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። መርፌ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አነሣ።

ቆይማ የጎኑን ቁልፍ ተጭና ያዘች። ስክሪኑ ቦግ ብሎ በራ። አናጺው ካቴናቸውን ረስተው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሁሉም ሞቷል ስላለ ማንም አልተጫነውም» አለች። «ጠዋት እኔ ተጫንኩት። እንግዲህ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አስከሬኑ እስኪገኝ ባለው ጊዜ አንድ ሰው ከፍቶ ጠግኖታል ማለት ነው። አባባ ከጠገኑት ደግሞ ሰው የሚገድሉበት ምክንያት የለም፤ ስልካቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ደግሞስ ጥገና የት ያውቃሉ? የባንኮኒ ሠራተኛዋም አትችልም። የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ባለሱቁ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠጋኝ ስልክ ከመክፈቱ በፊት ሲም ያወጣል። ያወጣውን የሚያስቀምጠው ግን እጁ እንደለመደው ነው። ባለሱቁ ፖስታ ውስጥ ከተተ። አንተ» ወደ መርፌ ዞረች፤ «ጀርባው ላይ ለጠፍክ፤ ከላይ፣ በግራ። ሳታይ።»

«ስኮች ማንም ይለጥፋል» አለ መርፌ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ በስኮቹ ሙጫ በኩል የተያዘውን አሻራ አስነሣሁ። የአባባ አይደለም፤ የባለሱቁም አይደለም። ያንተን በእኔ ስልክ ላይ በገዛ እጅህ ለጥፈህ ሰጠኸኝ። አንድ ነው። አላየሁትም ያልከውን ስልክ ከፍተኸዋል።»

መርፌ ተቀመጠ፤ እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው።

«አባባ ስለ ሟች ሚስታቸው እያለቀሱ ሲጮሁ ሰምቼ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አወቅኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩና ተመለስኩ። በጓሮው በር ገብቼ በቀስታ ጠገንኩት። ሲበራ ልሞክረው ብዬ ስነካካ ድምፅ ወጣ፤ የሴት ድምፅ፤ ‹በሩን ቆለፍክ?› የሚል። ኃላፊው ሰምቶ መጣ። ‹ደንብ ጥሰሃል፤ ነገ ትባረራለህ› አለኝ። እሱን ቻልኩት። ስልኩን ይዞ ቢሮው ገብቶ ‹ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሼ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ› ሲል ግን ሊያጠፋት ነው አልኩ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩ ተንኳኳ።» ወደ አናጺው ማየት አልቻለም። «እሳቸው ነበሩ። ‹ስለ እናታችሁ፣ ስልኬን ብቻ ስጡኝ› ይላሉ። ስልኩ ተጠግኖ በእጄ ነበር።»

«ኃላፊው ያን ጊዜ ይተነፍስ ነበር» አለች ቆይማ። ድምፅዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ ተሰማ። «አንድ ሰዓት ሙሉ። በሩን ብትከፍት እሱ ከሞት፣ አባባም ከእስር ይድኑ ነበር። አንተ ግን እስኪሄዱ ጠብቀህ፣ ያዘንክላቸውን ሰው ልታሳስር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተውክ።»

መርፌ አንገቱን ደፋ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «የሞተ ስልክ መተው ስትችል ለምን የሚሠራ ተውክ? አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃህ ነበር እኮ።»

«ሞከርኩ። ውሃውን በብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር። የጠገንኩትን መልሼ ማበላሸት አቃተኝ።»

ከአናጺው እጅ የወለቀው ካቴና በመርፌ እጅ ገባ። ይዘውት ሲወጡ የባንኮኒ ሠራተኛዋ በተከፈተው የቢሮ በር በኩል ማስታወቂያውን እያየች አለቀሰች። ባለሱቁ ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ያስብ ነበር። ማስታወቂያውን የነቀለው ግን የለም፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ይከፈታል፤ ደንቡም አልተለወጠም።

ቆይማ ስልኩን ለአናጺው አቀበለቻቸው። «ለማስረጃ እንፈልገዋለን። እስከዚያ ግን እዚሁ ይስሙ።»

ሽማግሌው ወፍራም ጣታቸውን እየፈሩ አስነኩት። ደከም ያለ የሴት ድምፅ ወጣ፦ «መድኃኒትህን ዋጥክ? እንዳትረሳ እሺ? ደግሞ ብቻህን አትቆዝም።» እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ መጋጠሚያውን እንደ ጥሩ እንጨት ሥራ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንድም ክፍተት የለውም።

«ዕድሜዬን በእጄ ሠርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ትናንት በሩን ስደበድብ፣ ይህን ስልክ የሚያድንልኝ ሰው ቢገኝ ‹እጅህ ይባረክ› ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ተስዬ ነበር።» ወደ በሩ አዩ፤ የፖሊሱ መኪና እየተነሣ ነው። «እስቲ ልጄ፣ አሁን ምን ልበለው?»