በእኔ ቦታ የገባችው

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ አክስቴ «ጓዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ብላ ስትንቀጠቀጥ ባትሪ ይዤ ገብቼ አይጧን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ በዓለም ላይ የሚያስፈራኝ ስምንተኛ ቢ ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህ አሶሳ ላይ የገጠመኝን ስነግራችሁ «አሁንስ ለየላት» ማለታችሁ አይቀርም፣ በሉ ግዴለም፣ እኔም ብሆን እል ነበር።

አሶሳ ተመድቤ በመጣሁ በዓመቱ አንድ የአማተር ቲያትር ክበብ ገባሁ። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነበርን፣ ፈቃዳችን የሚጠየቀው ግን ስንገባ ብቻ ነው። ከተማዋ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት፣ ዛሬ ንጉሥ ሆኖ የተወነው ነገ ዝውውሩ ይደርሰውና ዘውዱን ጥሎ ይሄዳል፣ በዚህ የተነሳ ዳይሬክተራችን ጋሽ ታደለ አንድ ሕግ አወጡ፣ መውጣትም ሆነ ማረፍ የፈለገ ሰው ተተኪውን ይዞ ይምጣ። «ያለ ተተኪ የሚቀር የሞተ ብቻ ነው» ይሉናል፣ እየቀለዱ እንዳይመስላችሁ።

እኔ የያዝኩት ልጇ የሞተባትን እናት ነበር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጮኻለች፣ ቀን ክፍል ውስጥ እጮሃለሁ፣ ከሥራ በኋላ መድረክ ላይ እጮሃለሁ፣ በመጨረሻ ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይል ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ሐኪሟ ጉሮሮዬን አይታ «ካላረፍሽ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል» አለችኝ፣ ድምፅ የሌለው አስተማሪ ምን ሠርቶ ይበላል? እስቲ ንገሩኝ።

ተተኪ ፍለጋ ወጣሁ። የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ለመንኩ፣ «እጮኛዬ አይወድም» አለችኝ። አብራኝ የምታስተምረው ሰናይት «ለሞተ ዘመዴ ያላለቀስኩ፣ ለውሸት ልጅ ላልቅስ?» ብላ ሳቀችብኝ። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ እንኳ እሺ ብላ መጥታ ነበር፣ ጋሽ ታደለ ያንኑ ትዕይንት «እንደገና! እንደገና!» ሲሉ ቁጭ ብላ አየችና ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ እንዳለች በዚያው ቀረች።

በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ስነቃ አንዱ ውሃ ሊያፈስብኝ ጎንበስ ብሏል፣ የሰማሁት ግን የጋሽ ታደለን ድምፅ ነው፣ «ቀሚሱን እንዳታረጥቡት፣ የመድረክ ነው!» አንጀቴ እርር አለ። ተነስቼ ቀሚሱን ከልብሴ ላይ ገፍፌ ወረወርኩና ባለችኝ ድምፅ፣ «ተተኪ አይደል የምትፈልጉት? የፈለገች ትተካኝ፣ ፈቅጃለሁ!» ብዬ ወጣሁ። ለማን እንደተናገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በነጋታው ባምባሲ የአጎቴ ልጅ ጋ ሄድኩ፣ ስልኬን አጠፋሁና ሰኞ እስኪደርስ ተኛሁ፣ ምስክሬ እሷ ናት፣ ለምግብ እንኳ የምታስነሳኝ በግድ ነበር።

ሰኞ ስመለስ መናኸሪያው ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ እጄን ጨብጦ «ቅዳሜ አስለቀስሽን እኮ!» አለኝ፣ ተሳስቶ ነው ብዬ አለፍኩ። ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «እናትየዋ አይደለሽ?» ሲል ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሰፈሬ ስደርስ ሐዋን አገኘኋት። ሐዋ የክበባችን ልብስ ሰፊ ናት፣ የቤርታ ልጅ ናት፣ አማርኛን በራሷ መንገድ ስለምታስኬደው «አንተ» ስትለኝ ለምጄዋለሁ። እንደ ልማዷ ወገቤን በሁለት እጇ ያዝ አደረገችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ወላሂ፣ ቅዳሜ ልብሱ በጣም ሰፋ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አጠበበ። ዛሬ አንተ እንዴት ወፈረ?»

«ሐዋ፣ ቅዳሜ እኮ ባምባሲ ነበርኩ።»

«ላ! እኔ በዚህ እጅ መርፌ ሰካ። አንተ ውሃ እንቢ አለ፣ ምግብ እንቢ አለ። እንደገና ሲሉ እሺ፣ እንደገና ሲሉ እሺ።» ከዚያ እጇን ከወገቤ ላይ አነሳችና በልብሷ ጠረገችው።

አሁንም አላመንኩም፣ እኔን መስላ የምትተውን አንዲት ብልጥ አግኝተው ይሆናል ብዬ አመሻሹ ላይ ወደምንለማመድበት አዳራሽ ሄድኩ። ዝናብ ጀምሯል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ በግቢው ማንጎ ዛፎች ሥር አድርጌ በኋላ በር ተጠጋሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ኮቴ ነው፣ አምና ደረጃ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ግራ እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ፣ ያው ኮቴ ጣውላው ላይ ሲሄድ ሰማሁት፣ አንዱ እግር ኳ፣ አንዱ ሸርተት። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። የእኔ ነው፣ እመኑኝ፣ ግን ሳይበላሽ በፊት የነበረው፣ ጥርት ያለው። «ልጄ» ከማለቷ በፊት ምራቋን ትውጣለች፣ ይሄ ጋሽ ታደለ ሁልጊዜ የሚቆጡበት የእኔ አመል ነው።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ ቀሚሱ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል። «እንደገና!» አሉ ጋሽ ታደለ። ጮኸች፣ የተቧጠጠው ግን የእኔ ጉሮሮ ነው፣ በምላጭ የተፋቀ ያህል፣ አፌን በእጄ አፍኜ ቆምኩ። «እንደገና!» ጮኸች፣ እኔ ደም ደም የሚል ምራቅ ዋጥኩ። ሌሎቹ ተዋንያን ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም አያዩዋትም፣ ሁሉም የየራሱን ጫማ ነው የሚያየው። ከዚያ ጋሽ ታደለ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ የማያውቁትን፣ «ደከመሽ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «እኔን? እኔን አይደክመኝም» አለችና ቀስ ብላ ወደ በሩ መዞር ጀመረች። ፊቷን ለማየት አልቆየሁም፣ አልዋሻችሁም፣ አንድ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቼ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ አዳራሹን ረግጬው አላውቅም። ማር በዝንጅብል እጠጣለሁ፣ በሹክሹክታ አወራለሁ፣ እነሱ ትርኢት ባሳዩ ማግስት ግን ድምፄ ይብስበታል። አሁን የማስተምረው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለቲያትር ሲሆን ይወጣል፣ ለእኛ ሲሆን ነው የሚጠፋው?» ይሉኛል፣ ርዕሰ መምህሩም በዚህ ከቀጠልኩ ክፍል እንደማይሰጠኝ ነግሮኛል።

ባለፈው መንገድ ላይ ጋሽ ታደለን ጠብቄ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ እናትየዋን ከቲያትሩ ያውጡልኝ፣ ድምፄ እያለቀ ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ምነው ደንግጠው በሆነ፣ አልደነገጡም።

«አንቺ ወጥተሻል፣ ስለ እሷ ምን አገባሽ?» አሉኝ። «እሷ አታማርር፣ አትታመም፣ ዝውውር አትጠይቅ። ሌሎቹም እንደ አንቺ ፈቅጃለሁ ቢሉልኝ በወደድኩ።» ጃንጥላቸውን ዘርግተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ትንሽ ድምፅ ስላለኝ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ «ምነው ልጄ፣ ራቅሽብኝ፣ ጠጋ በይ እስቲ» ትለኛለች፣ ስልኩን አፌ ላይ ለጥፌው ነበር። ቅዳሜ እነ ጋሽ ታደለ ለትርኢት ሆሞሻ ይሄዳሉ፣ ሰው ስለበዛ ሁለት ጊዜ ያሳያሉ አሉ።