የበሩ ቋጠሮ

ኢሽቤል ቀና ብላ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት አየች። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። ይኼኔ ባሕሩ እየሸሸ፣ አሸዋው ብቅ ብቅ እያለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከመንደሩ ዳርቻ እስከ ትንሿ ደሴት ድረስ በቦቲ ጫማ ተራምዶ መሻገር ይቻላል። እዚያ ደሴት ላይ ስድስት ርጉዝ በጎች አሉ። እዚያ መሆናቸውን የሚያውቁት ደግሞ እሷና አጠገቧ የተቀመጠችው ሙርዲና ብቻ ናቸው።

አያቷ ቶርኩል ከመድረኩ ሥር ቆመው መዝሙር ያወጣሉ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚባል ነገር የለም፤ አውጪው አንድ መስመር ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ከዚያ ቀጣዩ መስመር። ቶርኩል ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ስተው አያውቁም። ዛሬ ግን ኢሽቤል በሆዷ፣ ምናለ ዛሬ እንኳ ቢፈጥኑ እያለች ነበር።

«ንገሪያቸው በቃ» አለች ሙርዲና በሹክሹክታ፣ የሚንት ከረሜላ በእጇ እያቀበለቻት።

«በመዝሙር መሀል?»

«ከመዝሙሩ በኋላ።»

«ከመዝሙሩ በኋላ ስብከት ነው።»

«እንግዲያው ከረሜላሽን ብዪ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ቅዳሜ ነው። እናቷ ባሕር ማዶ ነርስ ስለሆነች ኢሽቤል የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ጠዋት፣ «ነገ ሰንበት ነው፤ ጨረቃዋም ሞልታለች፣ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ደሴቷን ይውጣል። ቀትር ላይ በጎቹን አሻግረሽ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ግጦሽ አስገቢልኝ» አሏት። እሺ አለች። እሺ ማለት ይቀላታል። መንገድ ላይ ሙርዲና አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ ስልኳን ይዛ ጠበቀቻት፤ ከከተማ አንድ ልጅ ጽፎላት መልሱን አብረው ካልጻፉ ሞቼ እገኛለሁ አለች። «በግ እኮ አውቶቡስ አይደለም፣ አያመልጥሽም» ብላ ሳቀች። ኢሽቤልም ሳቀች። ባሕሩ ዳር ስትደርስ አሸዋው ተሸፍኗል።

ቤት ስትገባ አያቷ፣ «አስገባሻቸው?» አሏት።

«አስገብቻለሁ።»

ቃሉ እንዴት ከአፏ እንደወጣ አታውቅም። የግጦሹ በር መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ በገመድ ነው የሚታሰረው፣ ቋጠሮውን ደግሞ ከአያቷ በቀር ማንም አይችልበትም። አያቷ ማታውኑ በጭጋግ ወርደው አሰሩት። በጎቹን አላዩም፤ ቃሏን አመኑ። ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ኢሽቤል ከአያቷ ኋላ ቀርታ ቋጠሮውን አየችው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ጥብቅ ብሏል። በሩ ተጠርቅሞ የሚጠብቀው ባዶ ሣር ነበር።

ሰንበት ነው፣ በሰንበት በግ አይነዳም፣ እያለች ራሷን ታሞኛለች። እውነት ነው፣ በዚህ መንደር በሰንበት ልብስ አይሰጣም፣ ድንቹ እንኳ የሚላጠው ቅዳሜ ነው። ግን ሊሞት ያለን ከብት ማውጣት አይከለከልም። አያቷ ራሳቸው አንድ ጊዜ ስብከት አቋርጠው የጎረቤት ላም ከረግረግ አውጥተው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። ይህን እሷም ታውቃለች። ብትነግራቸው አሁኑኑ ይነሳሉ። የሚያስቸግረው መነሳታቸው ሳይሆን መንገሩ ነው።

ሰባኪው እግዚአብሔር ሲጠራው ስለሚዘገይ ሰው ሰበከ። ምን አለ ሌላ ነገር ቢሰብክ። ሲያበቃ ገና አሸዋው ደረቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የአያቷን እጅጌ ያዘች።

«አባባ…»

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ገርጥቷል።»

«ራሴን አሞኛል» አለች።

ወደ ማታ ነፋሱ ከምዕራብ ተነሳ። ባሕሩ ደሴቲቱን ዋጣት።

ሰኞ ጠዋት ስድስቱን በጎች ባሕሩ ከተፋው የባሕር አረም ጋር ዳርቻው ላይ ሞተው አገኟቸው። የግጦሹን በር ነፋስ ገንጥሎ ጥሎታል፤ ገመዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ቶርኩል ቆባቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

«ያሰርኩት መስሎኝ ነበር» አሉ። «እኛ ስንዘምር እነሱ በሩ ተከፍቶላቸው ወደ ደሴቷ ተሻግረው ሄዱ።»

ኢሽቤል ምድጃው ላይ ያለውን ሾርባ አማሰለች።

«ወንድሜ ዶናልድም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ በር ረሳ። ከዚያ የልጆቹን ስም።» ቆባቸውን አወለቁ። «ይሁን፣ ፈቃዱ ነው። በቃህ ብሎኛል። በዚህ ሳምንት ቁርባን ነው፤ መስመር እየረሳ ሕዝብ የሚያሳስት አውጪ አያስፈልግም። ለሰባኪው እነግራቸዋለሁ። አንቺ አትዘኚ የኔ ልጅ፣ አንቺ የታዘዝሽውን አድርገሻል።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢመቷት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሙርዲና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «በቃ ተገላገልሽ እኮ። ማንም አላወቀ። እሳቸውም ፈጣሪ ፈቅዶ ነው ብለዋል።»

«እኔ ነኝ የፈቀድኩት» አለች ኢሽቤል።

«አታካብጂ ባክሽ።»

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በአያቷ የተንቀጠቀጠ ጽሕፈት «ምድጃ። በር። መድኃኒት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በትንሹ፣ «ኢሽቤል» ተብሎ ተጽፏል። ስሟን እንዳይረሱት ነው። ኢሽቤል ቦርሳዋን ሳታወርድ ደጋግማ አነበበችው።

ቶርኩል የሰንበቱን ጥቁር ካፖርት በሥራ ቀን ለብሰው ከጓዳ ወጡ። «ወደ ሰባኪው ቤት ብቅ ብዬ ልምጣ» አሉ።

«አብሬዎት ልሂድ።»

ኮረብታው ጋ ደረሱ። የተገነጠለው በር ሣሩ ላይ ተጋድሟል። እሳቸው አጠገቡ ሲደርሱ ወደዚያ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«አባባ፣ በሩን አስረውት ነበር።»

ቆሙ።

«እሁድ ጠዋት አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ነበር። እርስዎ ምንም አልረሱም። በጎቹን እኔ አላመጣኋቸውም። ቅዳሜ አስገብቻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

ነፋሱ ካፖርታቸውን ያርገበግበዋል።

«ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አእምሮዬ ሄደ ብዬ ሳለቅስ፣ አንቺ አጠገቤ ሾርባ ትበዪ ነበር።»

«አዎ።»

ቶርኩል ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ዞረው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ብቻቸውን ወረዱ። ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ተራመደችና ተወችው።

ቤት ገብታ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አነሳችው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ፤ ሙርዲና ናት። አላነሳችውም። ክፍሏ ገብታ በሯን መዝጋት ትችል ነበር፤ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ አያቷ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ወንበር ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።