የላላው ሞላ

መሣሪያ ጠጋኙ የእህቱን ባል ሬሳ ሊያይ ገብቶ ዓይኑ ቀድሞ የሄደው ወደ ጠመንጃው ነበር። ለዚህም ራሱን ጠላ። ሟቹ በኢላማ ተኩስ ክበቡ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃው ጎኑ ተቀዶ አጠገቡ ወድቋል። መቀርቀሪያው በወጉ ሳይዘጋ ጥይቱ ፈንድቶ ነው። መቀርቀሪያውን መልሶ የሚዘጋው ደግሞ ሞላው ነው። ሞላውን የመረጠው ማን ሆነና!

«ጨረስኩት፤ በገዛ እጄ ጨረስኩት» አለ በልቡ።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር በቅጽል ስሟ «መርፌ» ትባላለች። ቀጭን ናት፤ ሳትታይ ትገባና ስትወጋ ነው የምትታወቀው።

«ሞላውን እንዴት መረጡት?» አለችው።

«አሮጌው ደክሞ ነበር። አዲሱ ሦስት ዓይነት አለው። ጠንካራው ቀለሃውን በወጉ አያስወጣም፤ ለስላሳው መቀርቀሪያውን አይዘጋም። በሚተኩሰው ጥይት ልክ መካከለኛውን መረጥኩለት። አሁን ግን እንጃ! ምናልባት...»

«ምናልባቱን ይተዉትና፣ ማን ገጠመው?»

«ራሱ። ጠመንጃውን ሰው አያስነካም፤ አሮጌውን ሞላም ራሱ ፈትቶ ነው ያመጣልኝ። እኔ ሥራ በዝቶብኝ አዲሱንም አሮጌውንም ለእህቴ ሰጥቻት ሄድኩ። አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ልማዴ ነው፤ ሰረቀ እንዳልባል።»

በማግስቱ መርፌ ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበች። እህትየው ዓይኗ አብጦ ጥግ ተቀምጣለች፤ ከትናንት ጀምሮ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። ለእሱ ከዚህ የባሰ ፍርድ አልነበረም። ፊት ለፊት፣ በክበቡ «ሻምፒዮኑ» የሚባለው የሟቹ ተፎካካሪ እግሩን ያወዛውዛል።

«እኔን ምን አድርግ ብላችሁ ነው? ተጣልተናል፣ አልክድም። ተጣላ ማለት ገደለ ነው እንዴ?»

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት እዚህ ቤት መጥተው ነበር» አለች መርፌ።

«ልታረቀው ነዋ!»

ኢንስፔክተሯ ሁለት ሞላዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመች። አንደኛው ሁለት ጣት ያህል ያጥራል።

«አጭሩ ከጠመንጃው የወጣ ነው። ረጅሙን ከጓሮው የቆሻሻ በርሜል አገኘሁት፤ የፋብሪካ ቅባቱ እንኳ አልተጠረገም።»

ጠጋኙ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ረጅሙ ነው የእኔ! ሞላ ሲደክም ያጥራል። አሮጌውን ነው የገጠመው፤ ምርጫዬ ልክ ነበር!» ትልቅ ሸክም ወረደለት። ወዲያው ወደ ሻምፒዮኑ ዞረ። «አንተ ነህ የቀየርከው!»

«ቀስ ይበሉ» አለች መርፌ። «ተንኮለኛ ሰው አዲሱን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። እዚሁ ግቢ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር የጣለው የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ነው። ሟቹም ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያያቸው ይለያቸው ነበር፤ አንዱ ብቻ ነው እጁ የገባው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ለእህትዎ ሲሰጧት ምን አሏት?»

ትዝ አለው። በር ላይ፣ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ።

«ምንም» አለ።

«እንዴ፣ ወንድም ጋሼ! ‹የላላውን ጣይው፣ ሌላውን ስጪው› አላልከኝም?» አለች እህቱ። «እንዳልከኝ ጣልኩት።»

«የላላው የቱ ነው?» ጠየቀች መርፌ።

«ረጅሙ ነዋ! የቀሚስ ላስቲክ ሲላላ ይረዝም የለ?» ወደ ረጅሙ ሞላ የዘረጋችው ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ጠጋኙ። «ያልኳት አጭሩን ስጪው ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝ!»

«አሁን ‹ምርጫዬ ልክ ነበር› ብለው?» አለች መርፌ፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ነፍስ ያጠፋ ተንኮለኛ እዚህ የለም። ‹የላላ› የምትለውን አንድ ቃል ነው ሁለታችሁ ለየብቻ የተረዳችሁት።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

ከትናንት ጀምሮ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይገኝ ሲለምን የነበረ ሰው፣ አሁን ጥፋቱ ሁሉ የእኔ በሆነ ብሎ ተመኘ።