ከኮምፔርሳቶው ወዲህና ወዲያ

ሁለቱም የአንደኛ ክፍል አስተማሪዎች ናቸው። አንድ ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተገምሶ እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ሲያስል ትሰማዋለች፤ ስትስቅ ይሰማታል። ፍቅር ለመግባት ከዚህ የሰፋ ቀዳዳ መቼ ፈልጎ!

እሱን ሰፈሩ «እልፍ በሉ» ይለዋል። ልጅ ይዛ የመጣች እናት መመለስ አያውቅም፤ «እልፍ በሉ፣ ቦታ አይጠፋም» ነው መልሱ። ቦታው ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተሰቅለዋል። እሷ ደግሞ «ድገሙት» ናት። አርባ ልጅ ከሞላላት በሯን ጥርቅም! የገባው ግን ሳያነብ አይወጣም።

እንጋባ አላት። ልቧ ወደ እሱ ከሸፈተ ሰንብቷል፤ አፏ ግን መች አርፎ ይተኛል።

«ልጅ ሰብስቦ ሳያስተምሩ መስደድ፣ እንግዳ ጠርቶ ባዶ ገበታ ማቅረብ ነው። ቤታችንንም እንዲህ ልታደርገው?»

«አንቺስ? ደጅ የቀረው ልጅ የማን ነው፣ የኔ እመቤት?»

«እመቤት አትበለኝ፣ ተናድጃለሁ!»

ተኳረፉ። እሷም እልኸኛ አይደለች፣ ተማሪው ጥቂት ወደሆነ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቃ ተፈቀደላት።

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። ተማሪዎቿን ጠየቀች።

«ሰባት ብርቱካን ነበረኝ። ሦስቱን ለእህቴ ሰጠኋት። ስንት ቀረኝ?»

አርባዎቹ ጣታቸውን መቁጠር ሳይጀምሩ፣ ከኮምፔርሳቶው ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ «አራት!» አለች።

ዞራ ወደ እሱ ክፍል ገባች። ክፍሉን ስታየው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ ከፊት ቆሞ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ይጮሃል፤ ኋላ ያሉት ልጆች ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፔርሳቶው አዙረዋል።

«ማናት አራት ያለችው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ጥርሷ የወላለቀ ሚጢጢ። «እርስዎ ድገሙት ሲሉ እኛም በሆዳችን እንደግማለን። የጋሼ ድምፅ እዚህ አይደርስም።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

«ደከም ያሉትን፣ አንቺን እንዲሰሙ እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኳቸው» አለ። «ብነግርሽ ቀስ ብለሽ የምታወሪ መስሎኝ ፈራሁ።»

«ሌባ!»

«በር መክፈት ነው የማውቀው። ከገቡ በኋላ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ኮምፔርሳቶውን በጣቷ አንኳኳችው።

«መዶሻ አምጣ» አለችው።

«ለምን?»

«ይሄን ነገር ልንነቅለው ነዋ! ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይምጣ። እኔ ሰሌዳው ጋ፣ አንተ በየወንበሩ መሀል። ወገባችን ይቀነጠሳል፤ ይቀንጠስ!»

«ዝውውሩስ?»

«የዚች ጥርስ ሳይበቅል የትም አልሄድም» አለች ሚጢጢዋን እያየች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኮምፔርሳቶው ዛሬ የቤታቸው ገበታ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ «እልፍ በሉ!» ይላል። እሷም ከጓዳ ትመልስለታለች፤

«ይግቡ፤ አንተ ግን ና፣ ሳህን አቅርብ!»