አምሳ ሁለት ኪሎ

መርማሪው ወደ መኪና መመዘኛ ጣቢያው ሲደርስ የመንገድ ኢንጂነሩ አስከሬን በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ባዶ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ሚዛን ተሻግሮ፣ ጎንበስ ብሎ ስንጥቅ ሲለካ የነበረውን ሰው ገጭቶ፣ አሸዋ ክምር ላይ ተሰክቷል። ሹፌሩ በፖሊሶች መሀል መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«የእጅ ፍሬን ሳይዝ ወርዶ ነው» አለ አንዱ ፖሊስ። «ጉዳዩ ያለቀለት ነው።»

«ቆይ እስቲ» አለ መርማሪው። በዚህችው አነጋገሩ የተነሳ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ቆይ እስቲ» ይሉታል። ስንቱን ያለቀለት ጉዳይ እንደገና አስጀምሮ አናዷቸዋል።

«ጋሼ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ፍሬኑን ይዤዋለሁ» አለ ሹፌሩ። «ጠዋት ስንመዘን ወረድኩ፣ ከዚያ መኪናውን ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሜ ፊቴን ልታጠብ ከሚዛን ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ስመለስ የሆነው ሆኗል።»

በጣቢያው ከሟቹና ከሹፌሩ ሌላ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው የመኪናው ባለቤት፣ ወንበር የሚጠበው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር።

«እኔና ሟቹ ዓይንና ናጫ ነበርን፤ ምን እደብቅዎታለሁ» አለ። «የመንገድ ማሠሪያውን የምንከፍለው ነዳጅ ስንቀዳ ነበር። አሁን መኪናው ሁሉ በኤሌክትሪክ እየሆነ ቀረጡ ደረቀ። ስለዚህ ሁሉም እንደ መኪናው ክብደትና እንደሄደው ኪሎ ሜትር ይክፈል የሚለውን ሐሳብ ሟቹ አመጣ። ማን ጉድ እንደሚሆን ይታይዎት።»

«ታዲያ እርስዎ ቂም አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ እንጂ። ግን ሰሞኑን ሐሳቡን ቀየረ ሲሉ ሰማሁ። ሊያድነኝ የመጣን ሰው ምን ነክቶኝ እገድላለሁ?»

ሁለተኛዋ የሚዛን ባለሙያዋ ናት። ትንሽዬ ሴት ናት፤ ከመመዝገቢያው ማሽን ጀርባ ስትቀመጥ ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል።

«አባቴ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበር» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የቆፈረውን ጉድጓድ ሲደፍን ኖረ፤ የሬንጅ ጭሱ ሳንባውን ጨረሰው። የቆፈረው ይክፈል ብዬ ነው ሰባት ዓመት እዚህ ሚዛን ላይ የለፋሁት።»

«ሚዛኑ ይስታል?»

ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ቀስ ብሎ የሚያልፍ መኪና ከሆነ ከአምስት ኪሎ አይበልጥም።»

የዕለቱን መዝገብ ጠየቃት። ትንሽ ዘግየት አለች፤ ከዚያ አትማ ሰጠችው። መርማሪው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። የሟቹን ቦርሳም ከፈተ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ሰበሰባቸው። ሹፌሩ እጁ እንደታሰረ መጣ። መኪናው የፊት ጎማዎቹ ሚዛኑ ላይ ሆነው ቆሟል።

«ጠዋት ሹፌሩ ወርዶ ሲመዘን የፊት ጎማዎቹ 4,210 ኪሎ ነበሩ» አለ መርማሪው። «ከዚያ ወዲህ የተጫነ ነገር የለም። አደጋው ሲደርስ ግን መኪናው በዝግታ ሲያልፍ ሚዛኑ 4,262 ብሏል። አምሳ ሁለት ኪሎ ከየት መጣ? የሹፌሩ ወንበር ያለው ከፊት ጎማዎቹ በላይ ነው። መኪናው ብቻውን አልወረደም፤ መሪ የያዘ ሰው ነበር።»

ባለቤቱን ጋቢና አስገባው። 4,322። እሱን አስወርዶ ሹፌሩን አስገባው። 4,291።

«ውፍረቴ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለ ባለቤቱ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ወደ ባለሙያዋ ዞረው ነበር።

መርማሪው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ሟቹ በዚያው ዕለት ሊፈርመው የነበረ ደብዳቤ ነው። ‹ሚዛኑ እስከ መቶ ኪሎ ስለሚስት የነዳጅ ቀረጡ ይቀጥል› ይላል። አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መዝገቡን ማጥፋት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አላጠፋሽውም። ሦስት ቀን ያብሰለሰልኩት እሱን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሟቹ የጻፈው እውነት ከሆነ አምሳ ሁለት ኪሎ ማስረጃ አይሆንም። አንቺ ወደ ቤትሽ፣ ይህ ሹፌር ወደ ወህኒ። አሁን ንገሪኝ፤ ሚዛኑ ይስታል?»

መርማሪው በሆዱ ፈርቷል። «ይስታል» ካለች በእጁ የቀረ ነገር የለም። ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን የምታየው የተቀበረውን ብረት ነበር፤ እንባዋ እየወረደ ነው።

«አይስትም» አለች። «ሟቹ የጻፈው ውሸት እንደሆነ ያውቅ ነበር። እያወቀ ሊፈርም ነበር።»

ማንም ሳያዛት ሄዳ ጋቢናው ላይ ወጣች፤ በሩን ዘጋች። ፖሊሱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «4,260።»

«ሁለት ኪሎ ጎደለ» አለ ባለቤቱ።

ባለሙያዋ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

«ሚዛኑ አልሳተም» አለች። «ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። እሱንም ይጻፉልኝ።»

መርማሪው ጻፈላት።